የሆላንድን ብስክሌት ፎቶ ማንሳት፦ መጀመሪያ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ

ሆላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ያነሳኋቸው የብስክሌት ፎቶዎች አሁንም ስልኬ ውስጥ አሉ፤ ለሰው ግን አላሳያቸውም። ሁሉም አንድ ናቸው፦ ድልድይ፣ ከድልድዩ ሥር ቦይ፣ የድልድዩ ብረት ላይ የተደገፈ፣ መሪው ላይ የፕላስቲክ አበባ የተጠመጠመበት ብስክሌት። ፖስትካርድ ላይ ያየሁትን ፈልጌ ነበር የማነሳው። ፎቶዎቹ አያስጠሉም፤ ግን ምንም አይናገሩም።

ያደግሁት ባሕር ዳር ስለሆነ ብስክሌት አዲሴ አይደለም። ዘንባባው ሥር በሰዓት ተከራይተን፣ ጉልበታችን እየተላጠ ነው የተማርነው። የራሱ ብስክሌት ያለው ልጅ ማታ ማታ በጨርቅ ወልውሎ ቤት ውስጥ ነበር የሚያሳድረው። ስለዚህ ዩትሬክት የምትባል የሆላንድ ከተማ መጥቼ ዝናብ ሲወርድበት የሚያድር፣ ኮርቻው ተቀዶ ስፖንጁ የወጣ፣ ካቴናው ዝጎ የሚጮህ ብስክሌት በየበሩ ተደርድሮ ሳይ “ይሄ ሁሉ ባለቤት የለውም እንዴ?” አልኩ። አለው። ዛሬ ጠዋትም ነድቶት መጥቷል። የብስክሌቱ ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር በሚበልጥበት አገር ብስክሌት እንደ ጫማ ነው የሚታየው። ጫማ ደግሞ የባለቤቱን አረማመድ ይዞ ይቀራል፤ ተረከዙ በየት በኩል እንደተበላ አይቶ ሰውየውን መገመት ይቻላል። እኔም ብስክሌት የማነሳው እንደዚያ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ነው። መንገዱ የሚከተለው ነው።

1. አንድ ሰዓት ያለ ካሜራ ቁሙ

የብስክሌት የትራፊክ መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ምረጡ። ቀኑ የሥራ ቀን፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 8:00 እስከ 9:00 ይሁን። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ሰዓትም የዓመት ቁጥርም ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ሁለቱን ሰዓት እያምታታሁ ስንት ባቡር እንዳመለጠኝ እኔ ነኝ የማውቀው።) ቡና ይዛችሁ እግረኛ መንገዱ ላይ ቁሙ፤ ስልኩ ከኪስ አይውጣ።

ሁሉንም በአንዴ ለማየት አትሞክሩ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እጅ ብቻ ተመልከቱ። አንድ እጁን መሪው ላይ፣ ሌላውን ጃንጥላ ላይ ያደረገ አለ። በራሱ ትንሽ ብስክሌት ላይ ያለውን ልጇን ጀርባው ላይ በመዳፏ እየገፋች አጠገቡ የምትነዳ እናት አለች። የራሱን እየነዳ ሁለተኛ ባዶ ብስክሌት እንደ በቅሎ የሚስብ አለ። ጎን ለጎን እየነዱ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ወጣቶች መብራቱ ቀይ ሲሆን እንኳ አይላቀቁም። ቀጣዩን አሥር ደቂቃ ለእግር ስጡት። ረጅም ተረከዝ፣ የግንባታ ሠራተኛ ቦት ጫማ፣ አንደኛው ብቻ ካልሲ ውስጥ የተከተተ ሱሪ። የቀኝ እግር ሱሪ ብቻ ከተጠቀለለ የዚያ ብስክሌት ካቴና ሽፋን የለውም ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማወቅ የሚጀመረው እዚህ ነው። ከዚያ የኋላ መጫኛውን ብቻ እዩ። የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ መሰላል፣ የታሸገ ጊታር፣ በታኅሣሥ ደግሞ የገና ዛፍ ታገኛላችሁ፤ አንዳንዴም ወደ ጎን ተቀምጣ ስልኳን የምትነካካ ሰው።

ካሜራ ሳትይዙ ስትቆሙ ሌላም ነገር ይገባችኋል። የስፖርት ልብስ የለበሰ የለም፤ ሰው ሁሉ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ወንበር ላይ ያለ ይመስል ነው የሚነዳው። የራስ ቁር የሚያደርገውም ጥቂት ነው። ይሄ እንዲሁ የወረሱት ጠባይ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በሆላንድ መንገዶች ከ3,000 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ ሞቷል፤ ከ400 በላዩ ልጆች ነበሩ። በ1972 ወላጆች “የልጆች ግድያ ይቁም” ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ እጥረት ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና አገደ፤ ሰው በባዶ አውራ ጎዳና ላይ ብስክሌት ነዳ። ቀዩ አስፋልት፣ የራሱ መብራት ያለው የብስክሌት መንገድ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ ጭቅጭቅ የመጣ ነው። ልጇን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ ጭና አስቤዛ ይዛ የምታልፈውን እናት ስታዩ ይሄን አስቡ። ፎቶው ውስጥ አይገባም፤ ግን የት ቆማችሁ እንደምታነሱ ይለውጠዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ራሱን፣ ቀዩን አስፋልት፣ ከብስክሌቱ ጋር አብሬ አስገባለሁ።

2. የቆመውን ብስክሌት አንብቡ

በቆመ ብስክሌት ጀምሩ፤ አይሮጥም፣ አይቆጣም። ክፍሎቹን በስማቸው ካላወቃችሁ ግን አታዩዋቸውም።

ከሁሉ በብዛት የምታገኙት “ኦማፊትስ” የሚሉትን ነው፤ “ኦማ” አያት፣ “ፊትስ” ብስክሌት። ስሙ የአያት ይሁን እንጂ የተማሪውም የዶክተሩም ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ቴላዮው ከመሪው ወደ ፔዳሉ እንደ ዝይ አንገት ታጥፎ የሚወርድ፤ ቀሚስ ለብሶ ለመውጣት እንዲመች ነው። ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ቅባት ልብስ አይነካም። የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ኮት እንዳይጠመጥም መጋረጃ የመሰለ ከለላ አለው። ፍሬኑ ብዙ ጊዜ በእጅ አይያዝም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት ነው የሚቆመው። ስለዚህ መሪው ላይ የፍሬን ሽቦ የለም፤ ከጎን ሲታይ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አላውቅም።

አሁን የባለቤቱን ምልክት ፈልጉ። መጀመሪያ ቁልፉን። የኋላ ጎማውን ቆልፎ የሚይዝ ቀለበት መሳይ ቁልፍ አለ፤ ሰውየው ሲነዳ መክፈቻው እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። ስለዚህ በሚሄድ ብስክሌት ላይ የቤት ቁልፍና ትንሽ አሻንጉሊት ኮርቻው ሥር ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ከዚያ በተጨማሪ ከድልድይ ብረት ጋር የሚታሰርበት ሰንሰለት አለ፤ ሰንሰለቱ ከብስክሌቱ የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌብነቱ እንዲህ ነው። ሐምራዊ ከነጠብጣቡ፣ ወይም በግድግዳ ቀለም በብሩሽ የተለቀለቀ ብስክሌት ካያችሁ ጥበብ ፈልጎ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሌባ እንዳይመኘው፣ ባለቤቱ ደግሞ ከሺው መሀል እንዲለየው ነው።

ከፊት የተሰካው የፕላስቲክ ሳጥን የእኛን የለስላሳ ሳጥን ይመስላል። ውስጡን ተመልከቱ፦ የቴኒስ ኳስ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ሌላ ሰው ጥሎት የሄደ የቢራ ጣሳ። የልጅ መቀመጫም እንደዚሁ ነው። ከመሪው ጀርባ ያለችው ትንሽዬዋ፣ የንፋስ መከላከያ መስታወት ያላት፣ ገና ላልጠነከረ ልጅ ናት፤ ከኋላ ያለው ለተለቅ ላለው። ልጁ አድጎ መቀመጫው ሳይነሳ የቀረበት ብስክሌት ብዙ አለ፤ ባሮ ሽንኩርት ተቀምጦበት፣ የደኅንነት ቀበቶ ታስሮለት ሲሄድ አይቻለሁ።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አንድ አሮጌ ጋዜል ቆሞ ነበር፤ ጋዜል ከ1892 ጀምሮ ብስክሌት የሚሠራው፣ የዲረን ከተማው ፋብሪካ ነው። ኮርቻው ላይ የዳቦ ቤት ፌስታል ተገልብጦ ለብሷል፤ ፌስታሉ ላይ የዝናብ ውኃ ተጠራቅሟል። የግራው የመሪ እጀታ ጎማ ተበልቷል፤ የቀኙ አዲስ ነው። የኋላ ፓራፋንጎው በኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠግኗል፣ ቴፑም ሦስት ቀለም ነው፤ ማለትም ሦስት ጊዜ ተሰብሯል፣ ሦስቴም የተገኘው ቴፕ ተጠቅልሎበታል። መጫኛው ላይ ዕቃ የሚታሰርበት የጎማ ማሰሪያ ከሥሩ አንዲት የአታክልት ደረሰኝ ይዟል። ሙሉውን ብስክሌት ያነሳሁት ፎቶ ተራ ነው። ፌስታሉንና ቴፑን ብቻ ያነሳሁት ግን ግድግዳዬ ላይ አለ።

ስታነሱ ተንበርከኩ። ቆሞ የተነሳ የብስክሌት ፎቶ ሁሉ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ እንዳየው ይሆናል፤ ካሜራውን ወደ ጎማው መሀል ከፍታ አውርዱት። ጥቁር ብስክሌት ስክሪኑን ሲሞላው ስልኩ ብርሃን ያነሰው መስሎት ያነጣዋል፣ ጥቁሩ አመድ ይመስላል፤ ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን በጣት ወደ ታች ቀንሱ። ጀርባው ላይ ሌላ ሃምሳ ብስክሌት ከተደረደረ የእናንተው ይጠፋል፤ ወይ ቀረብ በሉ፣ ወይ ጡብ ግድግዳ የተደገፈውን ፈልጉ።

ሦስት ዓይነት ብስክሌት ለይታችሁ እወቁ። የፊት ጎማው ሰማያዊ የሆነው በወር ክፍያ የሚያዝ ነው፤ አሠራሩ በ2014 ዴልፍት ከተማ ተማሪዎች የጀመሩት ነው፣ ዛሬም ያ ጎማ የበዛበት ሰፈር የተማሪ ሰፈር መሆኑን ይነግራችኋል። ቢጫና ሰማያዊው ከባቡር ጣቢያ የሚከራይ ነው፤ የሚነዳው ሰው ከሌላ ከተማ በባቡር መጥቶ ሥራ የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ከፊቱ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሣጥን የተሸከመው ባክፊትስ ነው፤ ልጆች፣ ውሻ፣ የሳምንት አስቤዛ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል። ደማቅ ቀለም ተቀብቶ የድርጅት ሰሌዳ የተንጠለጠለበትን የቱሪስት ኪራይ ግን እለፉት፤ ባለቤቱ ገና ዛሬ ጠዋት ነው የያዘው፣ ምን ይነግራችኋል?

3. ብርሃን

አገሩ ወደ ሰሜን የራቀ ስለሆነ ፀሐይ እንደ እኛ አናት ላይ አትወጣም። በታኅሣሥ 8:45 አካባቢ ወጥታ 16:30 ላይ ትገባለች፤ በሰኔ እስከ 22:00 ሰዓት ብርሃን አለ። ለእኔ የሚሻለው የታኅሣሡ ክረምት ነው። ሰው ከሥራ የሚወጣው ልክ ሲጨልም ስለሆነ የፊት ነጭና የኋላ ቀይ መብራቶች በሰማያዊው ድንግዝግዝ ውስጥ ይሰለፋሉ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት አትግቡ፤ እርጥብ አስፋልት መብራቱን እጥፍ ያደርገዋል፣ መሪውን ጭምር የሚሸፍነው የዝናብ ካፖርት ደግሞ ነጂውን ድንኳን ያስመስለዋል። ስልኩን የሳንድዊች ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ አውጡለት።

4. የት

ዩትሬክት የባቡር ጣቢያው ሥር 12,500 ብስክሌት የሚይዝ ማቆሚያ አለ፤ በ2019 ነው ተሠርቶ ያለቀው፣ በዓለም ትልቁ ነው። ሰው ከመንገድ እየነዳ በቀጥታ ይገባል፤ ሦስት ፎቅ ነው። ፎቶው ያለው ግን ድርድሩ ላይ አይደለም፤ ድርድሩን ሁሉም አንስቶታል። ወደ ላይኛው መደርደሪያ ብስክሌቱን በሁለት እጁ የሚገፋው ሰው ፊት ላይ ነው ያለው። ማቆሚያ ውስጥ ሠራተኞቹን ሳትጠይቁ ብዙ አትቆዩ። አምስተርዳምም በ2023 ጣቢያው ፊት ለፊት ከውኃ በታች 7,000 የሚይዝ ከፍቷል። እዚያው አምስተርዳም የራይክስሙዚየም ሕንፃ ሥር የብስክሌት መንገድ ያልፋል፤ ብስክሌቶቹ ከጨለማው ወደ ብርሃን ሲወጡ ከቅስቱ ጫፍ ጠብቋቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ደጋግሜ የምሄድበት ሮተርዳም ነው። ከማስ ወንዝ በታች በ1942 የተከፈተ ዋሻ አለ፤ ብስክሌተኛና እግረኛ የራሳቸው መተላለፊያ አላቸው። ወደ ታች የሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ የእንጨት ነው። ሰዎቹ ከብስክሌታቸው ወርደው ፍሬን ይዘው፣ ብስክሌቱ ከፊታቸው ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ይወርዳሉ። ከታች ቆማችሁ ወደ ላይ ብታነሱ ሰልፉ እንዳለ ይገባላችኋል። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ክንዳችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፉ፤ ፍላሽ ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ ቁልቁል የሚወርድን ሰው ዓይን ማጥፋት ነው።

ነፋስ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ድልድይ ውጡ። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ለእነሱ ዳገት ማለት ድልድይ ነው፤ ሰው ከኮርቻው ተነስቶ ሲነዳ የምታዩት እዚያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

5. ቀዩ መንገድ ላይ አትቁሙ

ይሄን ትንሽ አረዝመዋለሁ፣ ዋጋ ከፍዬበታለሁና። በሁለተኛው ወር አንድ ቆንጆ ጥላ አየሁና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፤ ያ እርምጃ ቀዩ አስፋልት ላይ ነበር። ደወል ሰምቻለሁ፤ ግን ባሕር ዳር ደወል ማለት “መጣሁ” ማለት ነው፣ እዚህ “ለምን አለህ?” ማለት መሆኑን አላወቅሁም። ሴትዮዋ ክንዴን መታችኝ፣ ካሜራው ወደቀ፣ የእሷ ቦርሳ ተበተነ። ብርቱካን ስንለቅም አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ሌንሱ ዛሬም ጥጉ ላይ ጭረት አለው።

ስለዚህ፦ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት ሁልጊዜ ወደ ኋላ እዩ፤ ሁለቱንም አቅጣጫ። ምሰሶ ወይም የቆመ ብስክሌት ጀርባ ቁሙ፣ የሚመጣው ሰው ጠርዙን እንደማትለቁ ያውቃል። አንድ ሰው “ፓስ ኦፕ!” ብሎ ከጮኸ “ተጠንቀቅ” ማለቱ ነው፤ ዘወር ብላችሁ ለማየት አትሞክሩ፣ ባላችሁበት ቀጥ በሉ። ነጂዎቹ መንገዳቸውን አስቀድመው አስልተዋል፤ የሚያጋጨው መደንበራችሁ ነው። እየነዳችሁ ፎቶ ማንሳትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ብስክሌት ላይ ሆኖ ስልክ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም።

6. የሚሄደውን ማንሳት

ብስክሌቱን አትከተሉ። መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ፦ ጡብ ግድግዳ፣ የተዘጋ ሱቅ በር፣ ፀሐይ የወደቀችበት አንድ ቁራጭ አስፋልት። ፎከሱን እዚያ ላይ ቆልፉና ጠብቁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው ያልፍበታል፤ እዚህ አገር ትዕግሥት የሚያከስር አይደለም።

ጥርት ብሎ እንዲቆምላችሁ ከፈለጋችሁ የሻተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት በር) ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ሰውየው ጥርት፣ ጀርባው እንደ ነፋስ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ወደ 1/30 አውርዱት፤ ከወገባችሁ ዞር እያላችሁ ከብስክሌቱ ጋር እኩል ተጓዙ፣ ከተጫናችሁ በኋላም መዞሩን አታቁሙ። ከስድሳ ፎቶ ሁለቱ ቢሳካ ጥሩ ነው፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ከዘጠና ፎቶ አንድም አላገኘሁም። በስልክ ከሆነ ተከታታይ ፎቶ የሚያነሳውን ተጠቀሙና ቤት ገብታችሁ ምረጡ። ስትመርጡ እግሩን እዩ፦ ወደ እናንተ ያለው ፔዳል ታች ደርሶ እግሩ የተዘረጋበት ፎቶ ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ የደረሰበት የታመመ ያስመስለዋል።

አንድ ቅጽበት አለች፣ እሷን ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ሁለት ሰው በአንድ ብስክሌት ሊሄዱ ሲሉ ነጂው አይቆምም። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሁለተኛው አጠገቡ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሮጥና ወደ ጎን ዘሎ መጫኛው ላይ ይቀመጣል። ብስክሌቱ አንዴ ወደ ግራ ይዋልላል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ፎቶው ያለው ከመዝለሉ በፊት ነው፤ እጁ የነጂውን ወገብ ሲይዝ፣ አንድ እግሩ ብቻ መሬት ላይ ሲቀር። ከካፌና ከባቡር ጣቢያ በር አካባቢ አምሽታችሁ ጠብቁ፤ ሁለት ሰው በአንድ ብስክሌት ዙሪያ ቆመው ሲሰነባበቱ ካያችሁ ጣታችሁን አዘጋጁ።

7. ሰው ሲኖርበት

አደባባይ ላይ ፎቶ ማንሳት በሆላንድ አይከለከልም። ማውጣቱ ግን ሌላ ነው፤ ፊቱ የሚታይ ሰው በቂ ምክንያት ካለው ፎቶው እንዳይወጣ መቃወም ይችላል፣ ሕጉ “ፖርትሬትሬኽት” ይለዋል። ሕጉን ትተን በወጉ እንኳ ብንሄድ፣ ፊት የሚሞላ ፎቶ ከሆነ ጠይቁ፦ “ማኽ ኢክ ኤን ፎቶ ማከን?” ይበቃል። አብዛኛው ሰው ይስቅና “የዚህን ብስክሌት? ለምን?” ይላል። ምክንያቱን ተናገሩ፤ ስለ ብስክሌታቸው ማውራት ይወዳሉ፣ በተለይ ስንቴ እንደተሰረቀባቸው።

ልጆች ላይ ጥንቃቄው ይጨምር። ካሜራ ይዛችሁ የትምህርት ቤት በር ላይ አትቁሙ፣ ሐሳባችሁ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን። እኔ አንዴ ባክፊትስ ውስጥ ያንቀላፉ ሁለት ሕፃናትን አንስቼ አባትየው ዞሮ መጣ። ሳይቆጣ “እባክህ አጥፋው” አለኝ፤ እያየ አጠፋሁት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ያለበትን ከጀርባ ወይም ትንሿን ብስክሌት ብቻ ነው የማነሳው።

በሌላ በኩል ራሱ አንሱኝ የሚል ሰው ያጋጥማል። በብዙ ከተሞች ከውጭ ለመጡ ሴቶች ብስክሌት መንዳት የሚያስተምሩ ኮርሶች አሉ። የማውቃት አንዲት የአገሬ ልጅ፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ ኮርሱን ስትጨርስ ለእናቷ የምትልከው ፎቶ ፈለገች። ባዶ መኪና ማቆሚያ ሄድን። ብስክሌቱ አጠገብ አቁሜ፣ መሪውን አስይዤ፣ “ፈገግ በይ እትዬ” አልኳት። “ኧረ ወንድሜ፣ እንዲህማ ገዝታ ነው ይሉኛል” አለች። “እግሬ መሬት ሳይነካ አንሳኝ።” አሥራ አንድ ጊዜ ዞረች። በአሥረኛው ነጠላዋ በነፋስ ተነስቶ ፊቷን ሸፈነው፤ በአሥራ አንደኛው ሁለቱም እግሮቿ ፔዳል ላይ፣ ዓይኗ ከፊት ጎማው ላይ ሳይነሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ አለፈች። ፈገግታ የለውም። ለእናቷ የሄደው እሱ ነው።

8. አንድ ብስክሌት ለአንድ ዓመት

ለጊዜው የቱንም ያህል ብታነሱ፣ አንዱን መርጣችሁ ሳትለቁ ያዙ። በየቀኑ የምታልፉበት መንገድ ላይ የታሰረ ተራ ብስክሌት ይሁን። ሳምንት በሳምንት፣ ከተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ፎቶ ብቻ። እግረኛ መንገዱ ላይ የምትቆሙበትን ንጣፍ ቆጥራችሁ አስታውሱት፤ እኔ ከመብራት ምሰሶው አራተኛዋ ንጣፍ ላይ ነበር የምቆመው።

የእኔው ቦዩ ዳር ካለው ብረት ጋር የታሰረ፣ ጥቁር፣ ከፊቱ አረንጓዴ ሳጥን ያለው ነበር። መስከረም ላይ በየሳምንቱ አቀማመጡ ይለያያል፣ ይነዳል ማለት ነው። ኅዳር ላይ መሪው በአንድ አቅጣጫ ቀረ። ቅጠል ሳጥኑ ውስጥ ሞላ። በጥር አንድ ሰው የቡና ስኒውን ጣለበት፣ በሳምንቱ ሦስት ስኒ ሆነ። የፊት ጎማው ተነፈሰ፤ ከዚያ ኮርቻው ተሰረቀ። መጋቢት ላይ ቅጠሉ በስብሶ አፈር ሆነና አንዲት ሣር በቀለች። ሆላንዶች እንዲህ ያለውን “ዌስፊትስ” ይሉታል፣ ወላጅ አልባ ብስክሌት። ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ያስርበታል፤ በተጻፈው ቀን ካልተነሳ ይወስደዋል። አንዳንዱ ወረቀቱም ሳይደርሰው ወደ ውኃ ይገባል፤ አምስተርዳም ላይ ከቦዮቹ በዓመት ከ12,000 እስከ 15,000 ብስክሌት በጀልባ ላይ በተገጠመ የብረት ጥፍር ይወጣል። ያንን ጀልባ ካገኛችሁ የያዛችሁትን ሥራ ትታችሁ ድልድይ ላይ ውጡና ከላይ አንሱት፤ ጭቃ የለበሰውን ክምር ከመሪዎቹ በቀር የሚለየው የለም።

የእኔው ላይ ወረቀቱ የታሰረው በሚያዝያ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ በዝናብ ቀለሙ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት መጥቼ ንጣፌ ላይ ቆምኩ፤ ብስክሌቱ የለም። ያም ሆኖ እንደ ሁልጊዜው በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ብርሃን አነሳሁ፤ እናንተም ይሄኛውን እንዳትዘሉት። ብረቱ ላይ ሰንሰለቱ ቀለም የላጠበት ቀለበት አለ፤ ከሥሩ ንጣፉ ላይ የሳጥኑን ያህል ደረቅ አራት ማዕዘን፣ አጠገቧ ከነአፈሯ የወደቀችው ሣር።